ከጦርነቱ በፊት የነበረውን የባቫሪያ ሊግ ታሪክ ከዜሮ እንዴት እንሰራዋለን፦ ለድሬ የኳስ ልጆች

ድሬ ውስጥ ስለ ጀርመን ኳስ ወሬ ከተነሳ ባየር ሙኒክ ላይ ተጀምሮ ባየር ሙኒክ ላይ ነው የሚያልቀው። ሳቢያን ዲኤስቲቪ ቤት ግቡ፣ ከዚራ ዛፍ ስር ቡና የሚጠጡትን ስሙ፣ ያው ነው፣ "ባየር ድሮም ባየር ነው" ይሏችኋል። ወላሂ አይደለም! ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ባቫሪያ (ሙኒክ ያለችበት የጀርመን ክልል) ውስጥ ኳስ ማለት ኑርንበርግና ፉርት ነበሩ፣ ባየር የጀርመንን ዋንጫ አንዴ ብቻ ነው የበላው፣ እሱንም በ1932። ይሄን ለማሳመን ግን "የሆነ ቦታ አንብቤያለሁ" አይበቃም፣ በርጫ ላይ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው አቦ። ስለዚህ የአንድ አካባቢን ሊግ ታሪክ ከነሰንጠረዡ ከነሰዎቹ እንዴት ራሳችሁ እንደምታገጣጥሙት ልንገራችሁ። ምሳሌዬ ባቫሪያ ነው፣ አሰራሩ ግን ለሳክሶኒም ለበርሊንም ያስኬዳል። ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ ወደኛ መቀየሪያዋን ቆይቼ አመጣታለሁ።

መጀመሪያ ቡንደስሊጋን ከጭንቅላታችሁ አውጡት። ቡንደስሊጋ የተጀመረው 1963 ነው፣ ከዛ በፊት ጀርመን አገር አቀፍ ሊግ የሚባል ነገር አልነበራትም። ፌዴሬሽኑ ላይፕዚግ ላይ 1900 ተመሰረተ፣ የመጀመሪያውን የአገር ዋንጫ ደግሞ 1903 የላይፕዚጉ ቪኤፍቢ የፕራጉን የጀርመኖች ቡድን 7 ለ 2 ደቁሶ ወሰደ። አሰራሩ እንዲህ ነው፣ እያንዳንዱ አካባቢ የራሱን ውድድር ይጫወታል፣ አሸናፊዎቹ (አንዳንዴ ሁለተኛና ሶስተኛ የወጡትም) ተገናኝተው ጥሎ ማለፍ ይገጥማሉ፣ የመጨረሻው አሸናፊ የጀርመን ሻምፒዮን ይባላል። ስለዚህ "የአካባቢ ሊግ" ሲባል እንደኛ ከፍተኛ ሊግ ወይ አንደኛ ሊግ ከላይ ሌላ ነገር ያለበት እንዳይመስላችሁ፣ ቁንጮው እሱ ራሱ ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው፣ ሰንጠረዡን ያይና "ለካ ኑርንበርግ ታች ሊግ ነበር" ብሎ ይለጥፋል።

ቀጥሎ ደብተር አውጡና (ኤክሴልም ይሆናል፣ ግን መብራት ሲሄድ ደብተር ይሻላል) ገጹን ሶስት ቦታ ክፈሉት። አንደኛው እስከ 1923 ያለው ዘመን ነው፣ ደቡብ ጀርመን የራሱ ማህበር ኖሮት የአከፋፈሉ ነገር በየጊዜው ሲቀያየር የነበረበት፣ እዚህ ላይ ብዙ አትድከሙ፣ ሻምፒዮኖቹን ብቻ መዝግቡ። ሁለተኛው ከ1923 እስከ 1933፣ ቤዚርክስሊጋ የሚባለው ነው። 1923 ላይ ደቡቡን አምስት ቦታ ከፈሉት፣ እያንዳንዱ ውስጥ ስምንት ክለብ፣ ባቫሪያ አንዱ ሆነ፣ የአምስቱ አሸናፊዎች ደግሞ ለደቡብ ጀርመን ዋንጫ ይጋጠማሉ። 1927 ላይ ባቫሪያን ራሱን ሰሜንና ደቡብ ብለው ለሁለት ቆረጡት፣ ኑርንበርግና ፉርት ሰሜን ቀሩ፣ የሙኒክ ቡድኖች ደቡብ። ይሄንን ልብ በሉ፣ ከ1927 በኋላ ባየር የደቡቡን ምድብ ሲያሸንፍ "የባቫሪያ ሻምፒዮን" ብሎ የሚጽፍ አለ፣ ያኔ እኮ ግማሽ ባቫሪያ ነው።

ሶስተኛው ከ1933 በኋላ ያለው ጋውሊጋ ነው። ሂትለር ስልጣን እንደያዘ የድሮዎቹ የአካባቢ ማህበራት ፈረሱና አገሩ በሙሉ በ16 ጋውሊጋ ተቆራረጠ፣ ባቫሪያ እንደገና አንድ ሊግ ሆነ። የ16ቱ ሻምፒዮኖች አራት አራት ሆነው በአራት ምድብ ደርሶ መልስ ይጫወታሉ፣ የየምድቡ አንደኛ ግማሽ ፍጻሜ ይገባል። 1938 ኦስትሪያን ሲጠቀልሉ የቪየና ቡድኖችም ገቡ፣ ለዛ ነው የ1939 ፍጻሜ ላይ ሻልከ አድሚራ ቪየናን 9 ለ 0 የጠረገው። አንድ ዓመት ላይ 16፣ ሌላው ላይ 18 ሻምፒዮን ካያችሁ ካርታው ነው የተለወጠው፣ ቁጥሩን ለማስተካከል አትሞክሩ።

አሁን ሰንጠረዡ። የጊዜው የጀርመን ሰንጠረዥ ላይ ነጥቡ በሁለት ቁጥር ነው የሚጻፈው፣ ለምሳሌ 28፡8። ግራው ያገኙት ነው፣ ቀኙ የጣሉት። ለማሸነፍ ሶስት ነጥብ ሳይሆን ሁለት ነው፣ ለአቻ አንድ፣ ስለዚህ በአንድ ጨዋታ ላይ ምንጊዜም ሁለት ነጥብ ነው ጠረጴዛ ላይ ያለው። ይሄ ነገር ምርጥ መፈተሻ ነው፦ 28 ሲደመር 8 ይሆናል 36፣ ለሁለት ስታካፍሉት 18 ጨዋታ። አስር ቡድን ያለበት ሊግ ደርሶ መልስ 18 ጨዋታ ነው፣ ገጠመ ማለት ነው። ካልገጠመ ወይ ገልባጩ ተሳስቷል፣ ወይ የሆነ ቡድን መሀል ላይ ወጥቷል፣ ወይ ያልተጫወተ ጨዋታ አለ፣ የቱ እንደሆነ ሳታጣሩ አትለፉት። ከዛ ደግሞ ሁሉም ቡድኖች ያገባቸውን ጎል ደምሩ፣ የተቆጠረባቸውንም ደምሩ፣ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው፣ አንዱ ያገባው በአንዱ ላይ ነውና። እኔ ሰንጠረዥ አገኘሁ ሲሉኝ መጀመሪያ የማደርገው ይሄን ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እኩል ነጥብ ሲመጣ ደግሞ የጎል ልዩነት አልነበረም፣ ያገቡትን ለተቆጠረባቸው ያካፍላሉ። በኔ ቁጥር ላሳያችሁ፣ አንዱ 60 አግብቶ 30 ገባበት እንበል፣ ሌላው 40 አግብቶ 16 ገባበት። በዛሬ ሂሳብ የመጀመሪያው በ30 ስለሚበልጥ ከላይ ነው፣ ሁለተኛው በ24 ነው። በዛን ጊዜ ግን 60 ለ30 ሲካፈል 2፣ 40 ለ16 ሲካፈል 2.5፣ ስለዚህ ሁለተኛው ከላይ ይቀመጣል። በረኛው ጎበዝ የሆነለት ቡድን ይጠቀማል ማለት ነው። ይሄን ሳያውቁ "ሰንጠረዡ ተሳስቷል" ብለው ቦታ የሚያቀያይሩ አሉ፣ እባካችሁ አትንኩት።

የዓመቱ ነገር። 1935/36 የሚባለውን ሲዝን ወደኛ ስትቀይሩ ሁለት ዓመት እየጻፋችሁ አትቸገሩ፣ ውድድሩ እኛ መስከረም ሲጠባ አካባቢ ጀምሮ ፍጻሜው ሰኔ ላይ ስለሚያልቅ ከሞላ ጎደል አንድ የኛ ዓመት ውስጥ ይገባል። ሁለተኛውን ዓመት ያዙና 8 ቀንሱ፣ 1936 ሲቀነስ 8፣ 1928። 1933/34 ማለት 1926 ነው፣ 1938/39 ማለት 1931። እንደውም ከጀርመኖቹ ይልቅ ለኛ ይቀላል።

እና 1928 ስትሉ የኛ ሰው የሚሰማው ሌላ ነው። "ከጦርነቱ በፊት" ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ ሐረር ጀጎል ያሉ አዛውንት የሚያስቡት የጣሊያኑን ነው እንጂ የ1939ኙን አይደለም፣ ስለዚህ የትኛው ጦርነት እንደሆነ ግልጽ አድርጉ። ደግሞ ጎን ለጎን ብታስቀምጡት አንባቢ ይይዘዋል፦ ሐረር በአውሮፕላን የተደበደበችው መጋቢት 1928፣ ግንቦት ሲገባ የግራዚያኒ ጦር ሐረርንም ድሬዳዋንም ይዟል፣ ሰኔ 14 ቀን በርሊን ላይ ኑርንበርግ ፎርቱና ዱስልዶርፍን በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸንፎ የጀርመንን ዋንጫ አነሳ፣ በዘጠነኛው ቀን ጃንሆይ ጄኔቫ ላይ ንግግራቸውን አደረጉ። አዲስ አበባ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሰረተውም በዚሁ ዓመት ነው። እንዲህ ሲቀመጥ የጀርመኑ ሊግ ጨረቃ ላይ የተደረገ ነገር መምሰሉ ይቀራል።

ስሞቹ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ፍለጋ የሚበላሸው እዚህ ነው። ከክለብ ስም ጋር የተለጠፈው ቁጥር በአብዛኛው የተመሰረተበት ዓመት ነው፣ ሻልከ 04 ማለት 1904፣ ሽዋይንፉርት 05 ማለት 1905፣ ሃኖቨር 96 ማለት 1896። የሙኒኩ 1860 ግን ጂምናስቲክ ማህበር ሆኖ ነው በዛ ዓመት የተጀመረው፣ ኳሱ የመጣው ወደ 40 ዓመት ቆይቶ ነው፣ ስለዚህ "በዓለም ቀደምት የኳስ ክለብ" ብላችሁ እንዳትለጥፉ። ኑርንበርግ ከፊቱ 1 እና ነጥብ አለው፣ አንደኛው የኳስ ክለብ እንደማለት ነው፣ እዛ አካባቢ ያሉ ሰዎች ደግሞ "ክለቡ" ብቻ ነው የሚሉት፣ ሌላ ክለብ ያለም አይመስላቸው። ፉርትን በላቲን ስትጽፉ ዩዋ ላይ ሁለት ነጥብ አላት፣ ነጥቡን ከተዋችሁ እዛው ባቫሪያ ውስጥ ቼክ ድንበር አጠገብ ያለች ሌላ ከተማ ልትመጣባችሁ ትችላለች። ጀርመንኛ አለማወቅ ብዙም አያሳስብም፣ ጎግል ትራንስሌት ሰንጠረዥና አጭር ታሪክ ያስነብባል፣ ስሞቹን ግን እሱ እንዲተረጉምላችሁ አትፍቀዱለት።

እሺ፣ አጥንቱ ተሰራ፣ ስጋውን አሁን ነው የምታለብሱት፣ እኔ የምለው ከሻምፒዮን ዝርዝር ይልቅ በሁለት ጎረቤቶች ጀምሩ። ኑርንበርግና ፉርት የተያያዙ ከተሞች ናቸው፣ የጀርመን የመጀመሪያው በእንፋሎት የሚሄድ ባቡርም በ1835 የተጀመረው በነዚህ ሁለቱ መሀል ነው። የለገሃር ልጆች ይሄን ዝም ብለን አናልፈውም! የኛ ከተማ ራሷ 1902 ባቡሩ ሲደርስ አይደል የተወለደችው። ሳቢያንና ከዚራ እያንዳንዳቸው የአገር ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ቢኖራቸው ምን እንደሚሆን አስቡት፣ እዛ እንደዛ ነበር። ፉርት 1914፣ 1926 እና 1929 የጀርመንን ዋንጫ ወሰደ፣ ኑርንበርግ 1920፣ 1921፣ 1924፣ 1925፣ 1927 እና 1936። 1920 ላይማ ፍጻሜው ራሱ በሁለቱ መሀል ሆኖ ኑርንበርግ 2 ለ 0 አሸነፈ። ደምሩት፣ ስድስትና ሶስት፣ ባየር አንድ። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የምትጠቀሱት ቁጥር ይሄ ነው።

ጠባቸውን ለማሳየት 1924ን ተጠቀሙ። ጀርመን አምስተርዳም ላይ ከሆላንድ ጋር ልትጫወት ስትል ብሄራዊ ቡድኑ በሙሉ ከሁለቱ ክለቦች ብቻ ነበር የተመረጠው፣ ሌላ ሰው የለም። ልጆቹ በአንድ ባቡር ሄዱ፣ ግን በተለያየ ፉርጎ፣ አይነጋገሩም። ጨዋታውን 1 ለ 0 አሸነፉ፣ ያገባው የፉርቱ አወር ነው፣ ጎሉ ሲገባ የጨፈሩት የፉርት ልጆች ብቻ ናቸው ይባላል። ለአንድ አገር እየተጫወቱ!

1922 ደግሞ የማይታለፍ ነው፣ ዝርዝሩ ላይ ሻምፒዮን የሌለበት ዓመት ስታዩ ገጹ የተቀደደ እንዳይመስላችሁ። ኑርንበርግና ሃምቡርግ ሰኔ ላይ በርሊን ገጠሙ፣ 2 ለ 2 ሆኑ፣ ያኔ መለያ ምት የሚባል የለም፣ ጎል እስኪገባ ይቀጠላል፣ 189 ደቂቃ ተጫውተው ጨለማ ሆነና ተቋረጠ። በነሐሴ ላይፕዚግ ላይ ደገሙት፣ 1 ለ 1 እያሉ ኑርንበርግ ከሜዳ በመባረርና በጉዳት ሰባት ሰው ብቻ ቀረው፣ ዳኛው አቆመው። ፌዴሬሽኑ ለሃምቡርግ ፈረደ፣ ኑርንበርግ ተቃወመ፣ ንትርኩ ወራት ከወሰደ በኋላ ሃምቡርግ ዋንጫውን አልፈልግም አለ፣ ዓመቱ ባዶ ቀረ። እንዲህ አይነት ባዶ ቦታ ሳታብራሩ ብትተዉት አንባቢ እናንተን ነው የሚጠረጥረው።

አሁን ደግሞ እኔ ዋናው የምለው። ከ1932 እስከ 1934 ያለውን የስም ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ ተጫዋች ብቻ ሳይሆን ፕሬዚዳንቱን፣ አሰልጣኙን፣ ሀኪሙን፣ ገንዘብ ያዡን፣ ከዛ ማን ጠፋ ብላችሁ ጠይቁ። 1932 ባየር ሻምፒዮን ሲሆን ፍጻሜው ኑርንበርግ ከተማ ላይ ነበር፣ አይንትራክት ፍራንክፈርትን 2 ለ 0። ፕሬዚዳንቱ ኩርት ላንዳወር አይሁዳዊ ነው፣ አሰልጣኙ ሪቻርድ ዶምቢም አይሁዳዊ። መጋቢት 1933 ላንዳወር ስልጣኑን ለቀቀ፣ ዶምቢም ከአገር ወጣ። በሚያዝያ ደግሞ 14 የደቡብ ክለቦች፣ ባየርም ኑርንበርግም ፉርትም 1860ም አሉበት፣ አይሁዶችን ከስፖርቱ በማስወጣት ከአዲሱ መንግስት ጋር እንተባበራለን የሚል መግለጫ አወጡ። ማንም ጠብመንጃ ደግኖ አላስፈረማቸውም፣ ይሄን ሳትደብቁ ጻፉት። ላንዳወር 1938 ዳካው ማጎሪያ ገባ፣ 1939 ወደ ስዊዘርላንድ አመለጠ፣ 1947 ተመልሶ እንደገና የባየር ፕሬዚዳንት ሆነ።

ነገሩ በ1933 ድንገት የመጣም አይደለም። የኑርንበርግ አሰልጣኝ የነበረው ሃንጋሪያዊ አይሁድ ዬኖ ኮንራድ 1932 ግማሽ ፍጻሜ ላይ በባየር 2 ለ 0 ከተሸነፈ በኋላ እዛው ከተማ የሚታተመው የናዚዎቹ ጋዜጣ ዴር ሽቱርመር ዘመተበት፣ ሰውየው በወራት ውስጥ ቤተሰቡን ይዞ በባቡር ወጣ። ሂትለር ገና ስልጣን አልያዘም። በፉርት በኩል ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ሰው አለ፣ ሄንሪ ኪሲንጀር። 1923 ፉርት ነው የተወለደው፣ የክለቡ ደጋፊ ነበር፣ 1938 ከቤተሰቡ ጋር ተሰደደ፣ አሜሪካ ሄዶ ያን ሁሉ ከሆነ በኋላም የፉርትን ውጤት ይከታተል ነበር።

ሌላ ሰንጠረዡ የማያሳያችሁ ነገር፣ የሰራተኞቹ ስፖርት ማህበር የራሱ ሊግና የራሱ የአገር ሻምፒዮና ነበረው፣ ከ1924 እስከ 1927 የድሬስደኑ 10 ቁጥር ያለው ቡድን አራት ጊዜ በተከታታይ ወስዶታል። 1933 ታገደ፣ ንብረቱም ተወረሰ። የአንድን ከተማ ታሪክ ስትሰሩ "ሌሎቹ ልጆች የት ይጫወቱ ነበር" የሚለውን ካልጠየቃችሁ ግማሹን ነው የያዛችሁት።

የጋውሊጋ ባቫሪያ ሻምፒዮኖች እስከ ጦርነቱ አጭር ነው፦ 1934 ኑርንበርግ፣ 1935 ፉርት፣ ከ1936 እስከ 1938 ሶስቱንም ኑርንበርግ፣ 1939 ሽዋይንፉርት 05። 1934 ላይ ኑርንበርግ የአገሩ ፍጻሜ ድረስ ሄዶ እየመራ ቆይቶ ሊያልቅ ሲል ሼፓንና ኩዞራ አገቡበትና በሻልከ 2 ለ 1 ተበላ፣ 1937ም እንደገና በሻልከ 2 ለ 0።

ሽዋይንፉርት ላይ ቆም በሉ፣ የኩሽኔታ ፋብሪካ ከተማ ናት፣ ስታዲየሙን 1936 ያሰራው የፋብሪካ ባለቤቱ ቪሊ ዛክስ ነው፣ ሰውየው የኤስኤስ አባልም ነበር። ከዚህች ትንሽ ከተማ ኩፕፈርና ኪትሲንገር የሚባሉ ሁለት አማካዮች ወጥተው በ1938 ለንደን ላይ እንግሊዝን ለገጠመው የአውሮፓ ምርጥ ተሰለፉ። የፋብሪካ ብርና የከተማ ኳስ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፣ የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1960ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና እየደጋገመ ያነሳበትን ጊዜ አባቶቻችን እስካሁን ያወሩታል። ለጽሁፋችሁ መግቢያ ከኑርንበርግ ይልቅ ይሄ የተሻለ ነው ባይ ነኝ፣ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

መጨረሻ ላይ መስመሩን 1939 ሰኔ ላይ አስምሩና አቁሙ። ከዛ በኋላ ተጫዋቹ ግንባር ይሄዳል፣ ቡድኖች ሰው አጥተው ይቀላቀላሉ፣ ሊጉ እንደገና ለሁለት ይቆረጣል፣ ሰንጠረዡ ከሰላሙ ዘመን ጋር አይወዳደርም። የባየር ደጋፊ 1944ን ይዞ ይመጣባችኋል፣ አዎ ያኔ ባየር አሸንፏል፣ ግን የደቡብ ባቫሪያን ምድብ ነው፣ በጦርነት መሀል፣ በዚህ ስራ ውስጥ አይገባም። ባቫሪያን ከጨረሳችሁ በኋላ ሌላ አካባቢ ካማራችሁ ሳክሶኒን ወይ በርሊንን ውሰዱ። ዌስትፋሊያን ግን አትምረጡ፣ እዛ ጋውሊጋ በተጫወቱበት 11 ሲዝን 11ዱንም ሻልከ ነው የበላው፣ ስለ ሻምፒዮኑ የምትጽፉት አንድ መስመር ነው።